ከቀንዱ ፊት የቆሙ ሴቶች፦ በህንድ ሙዚቃ የመጀመሪያ የሸክላ ቀረጻ ዘመን የሴት ዘፋኞች ድርሻ

አኅጽሮተ ጥናት

የህንድ ሙዚቃ በሰፊው በሸክላ መቀረጽ የጀመረው በ1902 ካልካታ ከተማ ውስጥ ሲሆን፣ ድምፅ ከሚቀበለው የቀረጻ ቀንድ ፊት ቀድመው የቆሙት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ይህ መጣጥፍ ሦስት ጥያቄዎችን ያነሣል። ሴቶቹ ለምን ቀደሙ? ጥበባቸው ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ምን ተፈጠረ? በዚህ መልክ የጀመሩትን ታሪክ ኋላ ሌሎች ሲጽፉት እነሱ ለምን ወደ ዳር ተገፉ? መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ እነዚህ ዘፋኞች የሦስት ደቂቃውን የሙዚቃ ቅርጽ የፈጠሩ ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ ሸክላዎቻቸው በደራሲነታቸው የሚመሰክሩ የታሪክ ሰነዶች ሆነው ሊጠኑ ይገባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ኖቬምበር 8 ቀን 1902 ከለንደን የመጣ የግራሞፎንና ታይፕራይተር ኩባንያ ቡድን በካልካታ፣ በዛሬዋ ኮልካታ፣ የቀረጻ ሥራውን ጀመረ። የቡድኑ መሪ ፍሬድ ጋይስበርግ የተባለ አሜሪካዊ የቀረጻ ባለሙያ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው የተቀረጸው ሾሺ ሙኪ እና ፋኒ ባላ፣ ከከተማዋ የቲያትር መድረክ የመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ናቸው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 11፣ በጊዜው በካልካታ ስሟ እጅግ የገነነው ጎሃር ጃን ቀረበች። ቡድኑ ከተማዋን ለቆ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ከመጓዙ በፊት ከ500 በላይ ቀረጻዎችን አከናውኗል።

በእርግጥ የህንድ ድምፅ በሸክላ ሲያልፍ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1899 ለንደን ውስጥ የነበሩ ጥቂት ህንዳውያን ወንዶች ለዚያው ኩባንያ ግጥም፣ የጸሎት ንባብና ዘፈን አስቀርጸዋል። ይሁን እንጂ የእነዚያ ሰዎች መተዳደሪያ ሙዚቃ አልነበረም። ዕድሜ ልኩን የሠለጠነ፣ በአገሩ አድማጭ ዘንድ የተመሰከረለት ባለሙያ ከመሣሪያው ጋር የተገናኘው ካልካታ ላይ ነው። ያ ባለሙያ ሴት ነበረች።

ይህ እውነት የሚገባውን ያህል አልተነገረም። ስለ ሰሜን ህንድ ሙዚቃ ዘመናዊ ታሪክ ሲነሣ ዘወትር ቀድመው የሚጠሩት ሁለት ወንዶች ናቸው። አንደኛው በ1901 ላሆር ላይ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የከፈተው ቪሽኑ ዲጋምባር ፓሉስካር ነው። ሁለተኛው ራጋ የሚባሉትን የዜማ ሥርዓቶች መድቦ መጻሕፍት ያዘጋጀውና የ1916ቱን የባሮዳ የሙዚቃ ጉባኤ የመራው ቪሽኑ ናራያን ባትካንዴ ነው። የታሪክ ተመራማሪዋ ጃናኪ ባክሌ በ2005 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የሁለቱ ሰዎች ፕሮጀክት ሙዚቃን ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሥርዓተ ትምህርትና ወደ ብሔራዊ ክብር ያመጣ ነበር። ከዚያ በፊት ጥበቡን የያዙት ባለሙያዎች ደግሞ በዚያው ሂደት ወደ ዳር ተገፍተዋል። ፓሉስካር ትምህርት ቤቱን በከፈተ በዓመቱ ጎሃር ጃን ከቀረጻው ቀንድ ፊት ቆማለች። አንዱ ክስተት የታሪክ ምዕራፍ ሲሆን፣ ሌላው ለረጅም ጊዜ የሸክላ ሰብሳቢዎች ጨዋታ ብቻ ሆኖ ቆይቷል።

ከቀረጻው በፊት፦ የጥበቡ ባለቤቶች

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ሴት ልጅ በአደባባይ የምትዘፍነው ይህን ሙያ ከወረሰ ማኅበረሰብ የመጣች ወይም ሙያውን መተዳደሪያዋ ያደረገች እንደሆነ ነው። በሰሜን እነዚህ ባለሙያዎች ታዋይፍ፣ በቤንጋል ባይጂ፣ በጎዋና በአካባቢው ካላቫንት፣ በደቡብ ደግሞ ከቤተ መቅደስ ጋር የተሳሰሩት ዴቫዳሲ ይባሉ ነበር። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት ስሕተት ነው፤ ሥርዓታቸውም፣ ውርሳቸውም፣ ከሃይማኖት ጋር ያላቸው ትስስርም ይለያያል። የሚያመሳስላቸው ገና በልጅነት የሚጀምር ጥብቅ ሥልጠና፣ ከጋብቻ ውጭ የሆነ ኑሮ እና በራሳቸው ጥረት ያፈሩት ሀብት ነው።

ሀብቱ ቀላል አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪዋ ቪና ታልዋር ኦልደንበርግ የላክናው ከተማን የግብር መዛግብት ስትመረምር፣ ከ1858 በኋላ በነበሩት ዓመታት ታዋይፎች ከፍተኛ ግብር ከሚከፍሉት ነዋሪዎች ተርታ ተመዝግበው አግኝታለች። ቤት፣ የአትክልት ቦታና ሱቅ ነበራቸው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ፣ ኡርዱና ፋርስኛ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዕውቀት ለአብዛኞቹ የአገሪቱ ሴቶች የተዘጋ በር ነበር።

በ1856 እንግሊዞች የአዋድን መንግሥት ጠቅልለው ሲወስዱ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ዋጂድ አሊ ሻህ ወደ ካልካታ ዳርቻ፣ ወደ ማቲያቡርጅ ተሰደደ። ንጉሡ ራሱ ገጣሚና የሙዚቃ ሰው ስለነበር ዘፋኞች፣ የሳራንጊና የታብላ ተጫዋቾች ተከተሉት። በዚህ ምክንያት ካልካታ ከቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማነትና የንግድ ማዕከልነት በተጨማሪ የሰሜን ህንድ ሙዚቃ መናኸሪያ ሆነች። በ1902 የቀረጻ ቡድኑ የተመረጡ ድምፆችን በአንድ ከተማ ሊያገኝ የቻለው ይህ ስደት አስቀድሞ ስላሰባሰባቸው ነው።

የጎሃር ጃን የሕይወት ታሪክ ይህን ሁሉ ባንድ ይዞታል። በ1873 በአዛምጋር ስትወለድ ስሟ አንጀሊና ይዎርድ ነበር። አባቷ የአርመን ዝርያ ያለው መሐንዲስ፣ እናቷ ቪክቶሪያ ሄሚንግስ ትባላለች። ትዳሩ በ1879 ሲፈርስ እናትየው ልጇን ይዛ ወደ ባናራስ ሄደች፤ እስልምናን ተቀበለች፤ ማልካ ጃን ተባለች። ልጇም ጎሃር ጃን ሆነች። በ1883 ወደ ካልካታ ተሻገሩና ማልካ ጃን በዋጂድ አሊ ሻህ ግቢ ዘፋኝ ሆነች። በ1886 ደግሞ የኡርዱ ግጥሞቿን መድበል አሳተመች። ልጅቷ ካያልና ቱምሪ የተባሉትን የዘፈን ዓይነቶች ከፓቲያላና ከሌሎች ወገኖች መምህራን፣ የካታክ ውዝዋዜን ከላክናዉ ቢንዳዲን ማሃራጅ፣ ጥንታዊውን የድሩፓድ ዜማ ደግሞ ሥሪጃንባይ ከተባለች ሴት መምህር ተማረች። ይህ የመጨረሻው ዝርዝር በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። ድሩፓድ ዘወትር የወንዶች ጥበብ ተደርጎ ቢቆጠርም፣ ከሴት ወደ ሴት የሚተላለፍበት መንገድ እንደነበረው ያረጋግጥልናል።

የሴቶቹ ማኅበራዊ መሠረት ግን በዚያው ዘመን መሸርሸር ጀምሮ ነበር። በእንግሊዞች ላይ ከተነሣው የ1857ቱ ዐመፅ በኋላ የቤተ መንግሥቶች ድጋፍ ተዳከመ። የቅኝ ግዛቱ የጤና ሕጎች ዘፋኟንና ወሲብ ነጋዴዋን በአንድ መዝገብ መጻፍ ጀመሩ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በማድራስ የተነሡ የማኅበራዊ ለውጥ አራማጆች ለቅኝ ገዢዎቹ አቤቱታ አቅርበው፣ ባለሥልጣናት የዘፋኝና ወዛዋዥ ሴቶች ትርኢት በሚቀርብበት ግብዣ ላይ እንዳይገኙ ጠየቁ። የቀረጻ መሣሪያው ህንድ የደረሰው ባለሙያዎቹ የቀድሞ ደጋፊዎቻቸውን እያጡ፣ በአዲሱ መካከለኛ መደብም እየተወገዙ በነበሩበት ወቅት ነው።

ሴቶቹ ለምን ቀደሙ?

ለዚህ ጥያቄ የተለመደው መልስ ወንድ ሊቃውንት መሣሪያውን ፈሩ የሚል ነው። በመልሱ ውስጥ እውነት አለ። የሙዚቃ ቤተሰቦች፣ ጋራና የሚባሉት፣ የሚኖሩት በምሥጢር ነበር፤ ብርቅ ዜማ ለልጅ ወይም ለተመረጠ ደቀ መዝሙር ብቻ ይሰጣል። ሸክላ ደግሞ ዜማውን ለማንም ገዢ አሳልፎ ይሰጣል። ራጋን በሦስት ደቂቃ መቁረጥ ጥበቡን ማዋረድ ነው ብለው የሚያምኑም ነበሩ። ብዙዎቹ ታላላቅ ወንድ ዘፋኞች ለመቀረጽ የተስማሙት ዘግይተው ነው።

የወንዶቹ ማመንታት ብቻውን የሴቶቹን መቅደም አያብራራም። ሴቶቹ የቀደሙት ሙያቸው ለዚህ ስላዘጋጃቸው ነው። ታዋይፏ ጥበቧን ለማታውቀው አድማጭ በክፍያ ማቅረብ ለምዳለች። ዋጋዋን ራሷ ትደራደራለች፤ አጃቢዎቿን ራሷ ትቀጥራለች፤ በየመኳንንቱ ግቢ ስትዞር የሰው ጠባይና የቦታ ለውጥ አያደናግራትም። በአንድ ማታ ካያል፣ ቱምሪ፣ ጋዛልና የወቅት ዘፈን እያፈራረቀች እንግዶቿን ስትይዝ ኖራለች። ኩባንያው የፈለገው ይህንኑ ነበር፦ የታወቀ ስም፣ ልዩ ልዩ ዘውግ፣ ውል የሚገባው ባለሙያ። ሴቶቹም የፈለጉትን አውቀው ነበር የመጡት። መኳንንቱ እየደኸዩ ባለበት ጊዜ አዲስ ደንበኛ አገኙ፤ ደንበኛው ደግሞ መላው ክፍለ አህጉር ነበር።

ሌላው ምክንያት የመሣሪያው ጉዞ ራሱ ነው። በዚያው አሥርት ዓመት ኢትዮጵያዊው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዜማቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ተጉዘው ነበር። ወደ ህንድ ግን መሣሪያው ራሱ በመርከብ መጣ፤ በ1904 እና በ1906 ሌሎች የቀረጻ ጉዞዎች ተከተሉ፤ የጀርመንና የፈረንሳይ ተፎካካሪዎችም ደረሱ። ተፎካካሪ በበዛ ቁጥር የዘፋኟ የመደራደር አቅም አደገ።

ሦስት ደቂቃ፦ አዲስ ቅርጽ መፍጠር

የዘመኑ ቀረጻ ኤሌክትሪክ አያውቅም። ዘፋኟ ፊቷን ወደ ትልቅ የብረት ቀንድ አፍ ታስጠጋለች። ድምፁ በቀንዱ ጠባብ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ሽፋኑ መርፌውን ያንቀሳቅሳል፤ መርፌው በሚሽከረከር የሰም ዝርግ ላይ መስመር ይፈለፍላል። የተሳሳተውን ቆርጦ ማውጣት ወይም መቀጠል አይቻልም። ዘፋኟ በቀስታ ካንጎራጎረች መርፌው አይሰማትም፤ በላይኛው ድምፅ ላይ ካልራቀች ደግሞ ቀረጻው ይበላሻል። ስለዚህ አንገቷን እያስጠጋችና እያራቀች የድምፅ ጉልበቷን በአካሏ መለካት ነበረባት። ሳራንጊና ታብላ ከኋላ ሆነው በስሱ ይሰማሉ፤ ያለማቋረጥ መደብ የሚሰጠው ታንፑራ ከነጭራሹ ሊጠፋ ይችላል።

ባለ 7 ኢንቹ ሸክላ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ባለ 10 ኢንቹ ሦስት ደቂቃ ያህል ይይዝ ነበር። በመድረክ አንድ ካያል አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዘፋኟ የራጋውን ድምፆች አንድ በአንድ እየፈተሸች፣ በዝግታ ከታች ወደ ላይ እየወጣች ታቀርበዋለች። ይህን ሁሉ በሦስት ደቂቃ ማሳየት ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት የድርሰት ችሎታ ይጠይቃል። የጎሃር ጃንንና የሌላዋን ታዋቂ ዘፋኝ የዞህራባይ አግሬዋሊን ሸክላዎች በተከታታይ ላዳመጠ ሰው መላው ግልጽ ይሆናል። መግቢያው ይታጠፋል፤ ዘፋኟ በቀጥታ ወደ ግጥሙ የመጀመሪያ ሐረግ ትገባለች። የራጋውን መለያ የሆነውን የዜማ ሐረግ ገና በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ታስቀምጣለች፤ አድማጩ የትኛው ራጋ እንደሆነ አይጠራጠርም። ከዚያ ሁለተኛውን የግጥም ክፍል ይዛ ወደ ላይኛው የድምፅ ክልል ትወጣለች። እዚያ ጥቂት ፈጣን የዜማ ሩጫዎችን ታሳያለች። ሰሙ ሳያልቅ ወደ መነሻው ሐረግ ትመለሳለች። ሰዓት ሳታይ፣ ማረሚያ ሳይኖራት፣ ከሥልጠናዋ ባገኘችው የጊዜ ስሜት ብቻ ሦስት ደቂቃውን ትሞላለች።

የቱምሪ ፈተና ደግሞ ሌላ ነበር። ቱምሪ በፍቅር ግጥም ላይ የሚመሠረት ዘፈን ነው። ታዋይፏ አንዲትን ስንኝ እየደጋገመች አንዴ በኩርፊያ፣ አንዴ በናፍቆት፣ አንዴ በማባበል ትተረጉማታለች፤ ትርጓሜውን የምታግዘው በዓይኗ፣ በቅንድቧና በእጇ ነው። አድማጩም በአድናቆት ቃል እየመለሰ ያበረታታታል። ቀንዱ ግን ዓይን የለውም፤ አድናቆትም አይመልስም። ስለዚህ የእጅና የዓይን ሥራ ሁሉ ወደ ድምፅ መግባት ነበረበት። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ የሚሰማው ድንገተኛ የድምፅ መሰበር፣ በቃል መካከል የሚደረግ አጭር ዝምታ፣ የፊደል መጎተት የውዝዋዜውን ቦታ ተክቷል። ኋላ በሬዲዮና በፊልም የመጡ ዘፋኞች የወረሱት፣ በአካል ሳይታዩ ስሜትን የማድረስ ጥበብ መሠረቱ የተጣለው እዚህ ነው።

የድምፁ ዓይነትም ሊታወስ ይገባል። ዞህራባይ (1868–1913) የአግራ ጋራና ዘፋኝ ነበረች። ድምፅዋ ከደረት የሚወጣ፣ ዝቅ ያለና ጉልበታም ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፊልም አማካይነት የሴት ድምፅ መለኪያ የሆነው ቀጭንና ከፍተኛ ድምፅ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው። አማንዳ ዋይድማን ስለ ደቡብ ህንድ ባደረገችው ጥናት እንዳመለከተችው፣ ድምፅ የተፈጥሮ ነገር ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰብ ስለ ሴትነት የሚያምነውን የሚሸከም ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ባይተርፉልን ኖሮ የህንድ ሴት እንዲህ ባለ ድምፅ ትዘፍን እንደነበር ማንም አያምንም ነበር።

ፋብሪካ፣ ውልና ዝና

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በካልካታ የተቀረጸው ሰም የሚላከው ጀርመን ወደሚገኘው የሃኖቨር ፋብሪካ ነበር። እዚያ ይባዛና በመርከብ ወደ ህንድ ይመለሳል። የ1902 ሥራዎች ለገበያ የደረሱት በ1903 ነው። የሸክላው ዋና ማጣበቂያ ላክ የተባለው፣ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ሲሆን ምንጩም ህንድ ነች። ስለዚህ ሙጫውም ድምፁም ከህንድ ወጥተው ጀርመን ላይ ተጋግረው ለህንዳውያን ይሸጡ ነበር። ይህ የቅኝ ግዛት ንግድ የተለመደ መልክ ነው። በ1908 ኩባንያው በካልካታ ሲያልዳ የራሱን ፋብሪካ ሲከፍት ጉዞው አጠረ፤ ምርቱም ጨመረ።

የሃኖቨር ሠራተኞች የዘፈኖቹን ቋንቋ አያውቁም። ሸክላውና ምልክት ወረቀቱ እንዳይምታታ ዘፋኞች በቀረጻው ማብቂያ ላይ ስማቸውን እንዲናገሩ ይደረግ ነበር። ጎሃር ጃን ይህን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የአላሃባዷ ዘፋኝ ጃንኪ ባይም ስሟን ከነከተማዋ ትጠራለች። ልማዱ የተጀመረው ለፋብሪካ መዝገብ ነው፤ ውጤቱ ግን ከዚያ የላቀ ሆነ። በመኳንንት ግብዣ ላይ የምትዘፍን ሴት ስሟን የሚያስጠራላት ማስታወቂያ ሳይሆን ዝና ነበር። አሁን ግን በማታውቀው ከተማ፣ በማታየው ቤት ውስጥ ስሟን በራሷ አንደበት ታስታውቃለች። ሴት ስሟን በአደባባይ መጥራት እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በታሪክ ዓይን ሲታይ ደግሞ የሥራው ባለቤት ማን እንደሆነ በሥራው ላይ የቀረ ፊርማ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ግልጽ ማስረጃ ከሰጡን ውሎች አንዱ የዞህራባይ ነው። በ1908 ከኩባንያው ጋር ባደረገችው ውል በዓመት 25 ዘፈን ልታስቀርጽ፣ ለዚህም 2500 ሩፒ ሊከፈላት ተስማምታለች፤ ለአንድ ዘፈን 100 ሩፒ መሆኑ ነው። ለዘመኑ ጥሩ ገንዘብ ነው። የዚህ ዓይነት ውል ድክመት ክፍያው በቁርጥ መሆኑ ነበር፤ ሸክላው ስንት እንደተሸጠ ከዘፋኟ ገቢ ጋር አይያያዝም። ትርፉ የድርጅቱ ሲሆን፣ የእሷ ትርፍ ዝና ነበር።

ዝናው በእርግጥም መጣ። ጎሃር ጃን ከ1902 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት ከአሥር በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ስድስት መቶ ያህል ሸክላ እንዳስቀረጸች ይነገራል። ምስሏ በፖስታ ካርድና በክብሪት ማሸጊያ ላይ ታትሞ ይሸጥ ነበር። በዲሴምበር 1911 ለጆርጅ አምስተኛ ንግሥ ደልሂ ላይ በተደረገው ታላቅ ሥነ ሥርዓት ላይ ከጃንኪ ባይ ጋር ዘፍናለች። ጃንኪ ባይ ራሷ በሸክላ ሽያጭ ስመ ጥር ከመሆኗ ባሻገር የግጥም መድበል ያሳተመች ገጣሚ ነበረች።

ከዝናው ይበልጥ ጥልቅ ለውጥ ያመጣው ግን የአድማጩ መለወጥ ነው። የታዋይፍን ዘፈን በቅርብ መስማት የባለጠጋ ወንዶች መብት ነበር። ሸክላና ማጫወቻው ቤት ሲገቡ የቤት እመቤቶችና ልጆች እነዚህን ድምፆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙ። ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ያልታደሉ ሙዚቀኞችም መርፌውን እየመለሱ ተማሩ። ከዞህራባይ ሸክላዎች ከተማሩት መካከል የአግራ ጋራና ታላቅ ስም የሆነው ፋይያዝ ካን (1886–1950) እንዳለበት ይነገራል፤ ሌላው ታላቅ ዘፋኝ ባዴ ጉላም አሊ ካንም ለእሷ ከፍ ያለ ግምት ነበረው። የትውልድ ሐረግ ሰንጠረዦች ዕውቀት ከወንድ ወደ ወንድ ሲወርድ ብቻ ይስላሉ። ሸክላው ደግሞ ከሴት ወደ ወንድ የሄደውን መስመር ያሳየናል።

የደቡብ መንገድ

በደቡብ ህንድም የመጀመሪያው የቀረጻ ትውልድ ከዴቫዳሲ ቤተሰቦች የወጡ ሴቶች ይበዙበታል። የሳሌሟ ጎዳቫሪ፣ የካንቺፑራሟ ዳናኮቲ አማል እና የኮይምባቶር ታዪ ከታወቁት ስሞች ናቸው። የታዪ (1872–1917) ድምፅ ከአገሯ ርቆ ተጉዟል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞሪስ ደላዥ በ1912 ህንድን ሲጎበኝ በድምፅዋ ተማረከ፤ ከሸክላዎቿ የቀዳውን ስልትም በራሱ ድርሰቶች ውስጥ አስገባ። ስለ ኤውሮፓ ዘመናዊ ሙዚቃ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ደላዥ ሥፍራ አለው፤ የታዪ ስም ግን ለረጅም ጊዜ ከግርጌ ማስታወሻ አላለፈም።

የዘመኗን ግጭት በተሟላ መልኩ የምታሳየን ባንጋሎር ናጋራትናማ (1878–1952) ነች። በ1910 ሙዱፓላኒ የተባለችው የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የታንጃቩር ቤተ መንግሥት ገጣሚ የጻፈችውን የቴሉጉ የፍቅር ግጥም ሳትቆራርጥ አሳተመች። ከዚያ ቀደም የነበረው እትም ጸያፍ የተባሉትን ስንኞችና የገጣሚዋን ማንነት አስቀርቶ ነበር። በ1911 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት መጽሐፉን አገደ፤ እገዳው የተነሣው በነፃነት ዋዜማ ነው። ይህችው ሴት ያላትን ሀብት አውጥታ በቲሩቫያሩ ለታላቁ የዜማ ደራሲ ለትያጋራጃ የመታሰቢያ ሕንፃ አሠራች። በመታሰቢያ በዓሉ ላይ ሴቶች እንዳይዘፍኑ ተከልክሎ ስለነበር፣ ሴቶች የሚዘፍኑበትን የራሳቸውን ወገን አደራጅታ ታገለች። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በዓሉን የሚያዘጋጁት ተፎካካሪ ወገኖች ሲዋሐዱ ሴቶች በበዓሉ የመዝፈን መብታቸውን አገኙ። በየዓመቱ በቲሩቫያሩ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚቆመው ከዴቫዳሲ ማኅበረሰብ የወጣች ሴት በገነባችው ቦታ ላይ ነው።

ቀጣዩ ትውልድ ኤሌክትሪካዊ ማይክሮፎን ከ1925 በኋላ በመጣበት ዘመን አደገ። ኤም ኤስ ሱብላክሽሚ የመጀመሪያ ሸክላዋን ያስቀረጸችው በ1926፣ በ10 ዓመቷ ነው። እናቷ የማዱራይ ቪና ተጫዋች ሻንሙካቫዲቩ ስትሆን ከዚሁ ማኅበረሰብ የወጣች ነበረች። ልጇ በ1998 የህንድን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያዋ ሙዚቀኛ ሆነች። ከዚህ ክብር ለመድረስ ግን በጋብቻ፣ በአለባበስና በዘፈን ምርጫ ረገድ የብራህማን መካከለኛ መደብ የተቀበለውን አርአያነት መልበስ ነበረባት።

የክብር ዋጋ

ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሙዚቃ የብሔራዊ ንቅናቄው ኩራት እየሆነ መጣ። ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በትኬት የሚገባባቸው የሙዚቃ መድረኮች ተስፋፉ፤ የጨዋ ቤተሰብ ሴቶች ልጆች መዘመር ተማሩ። ይህ በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን ሙዚቃን የማክበር መንገድ ሙዚቃውን እስከዚያ ድረስ ካቆዩት ሴቶች የማራቅ መንገድ ሆነ። ጥበቡ ንጹሕ ተባለ፤ ባለሙያዋ ግን ርኩስ ተባለች።

የዚህ ግልጽ መገለጫ የመንግሥት ሬዲዮ ነው። መላ ህንድ ሬዲዮ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አየር የሚሞላው በአብዛኛው በእነዚህ ዘፋኞች ድምፅ ነበር። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን የግል ሕይወታቸው አሳፋሪ ነው የተባሉ ሴቶች እንዳይዘፍኑ መመሪያ ወጣ። የግል ሕይወት መመዘኛ ለወንድ ዘፋኞች አልነበረም። ለመቀጠል የፈለገች ሴት ትዳር ማሳየት ወይም ስሟን መለወጥ ነበረባት። አክታሪ ባይ ፋይዛባዲ በ1945 ጠበቃ አግብታ ለዓመታት ከመዝፈን ታቀበች። በ1949 በላክናው ሬዲዮ ስትመለስ መላው ክፍለ አህጉር ቤጉም አክታር በሚል ስም አወቃት። የባናራሷ ራሱላን ባይ በ1957 ብሔራዊ የኪነ ጥበብ አካዳሚ ሽልማት ተቀበለች፤ በ1969 የአህመዳባድ የሃይማኖት ግጭት ቤቷ ተቃጠለ። በማድራስ ደግሞ በ1947 ሴቶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ሕጉ ብዙ ልጃገረዶችን ከብዝበዛ ያዳነ መሆኑ አይካድም። ሙያውንና መተዳደሪያውን ይዘው ለነበሩት ሴቶች ግን የጥበቡ አዳዲስ መድረኮች እንዲከፈቱ አላደረገም።

የተሳካላቸውም ነበሩ። ከጎዋ የካላቫንት ማኅበረሰብ የወጣችው ኬሳርባይ ኬርካር (1892–1977) ከዘመኗ ታላላቅ የካያል ዘፋኞች አንዷ ሆነች። በ1977 ወደ ጠፈር በተላኩት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች በያዙት ወርቃማ ሸክላ ላይ ህንድን የሚወክለው የእሷ ድምፅ ነው። ዘፋኟ ጃዳን ባይ ወደ ፊልም ዓለም ገብታ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች፤ ለፊልም ሙዚቃ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሴቶችም አንዷ ሆነች። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ችሎታው እንዳልጠፋ፣ መተላለፊያው ብቻ እንደጠበበ ነው።

ጎሃር ጃን ራሷ ይህን ሁሉ ለማየት አልደረሰችም። በፍርድ ቤት ክርክርና በሀብት መመናመን ከደከመች በኋላ በ1928 የማይሶር ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ሆና ተቀጠረች። ጃንዋሪ 17 ቀን 1930 በዚያው ከተማ አረፈች። ሙሉ የሕይወት ታሪኳ ለሰፊው አንባቢ የቀረበው ቪክራም ሳምፓት በ2010 መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ ነው፤ ከሞተች ከ80 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ማስረጃ ሦስት ነገሮችን ያረጋግጣል። አንደኛ፣ ሴት ዘፋኞች ከቀረጻው ፊት የቀደሙት ሙያቸው፣ የመደራደር ልምዳቸውና የዘውግ ስፋታቸው ስላዘጋጃቸው ነው። ሁለተኛ፣ የሦስት ደቂቃው ራጋና ቱምሪ መሣሪያው በግዴታ የወለደው ቁራጭ ሳይሆን ከመሣሪያው ገደብ ጋር በመታገል የተፈጠረ የድርሰት ዓይነት ነው። ሦስተኛ፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የክብር ፖለቲካ ጥበባቸውን ተቀብሎ ስማቸውን ገፍቷል፤ ይህንን ማድረግ የቻለውም ታሪክ ከመጻሕፍትና ከትምህርት ቤት መዛግብት ብቻ ስለተጻፈ ነው።

ስለዚህ የመስኩ ተመራማሪ የማስረጃ ምንጩን ማስፋት አለበት። በ1990 በሙምባይ የተቋቋመው የህንድ ሸክላ ሰብሳቢዎች ማኅበርና በኮልካታ የጃዳቭፑር ዩኒቨርሲቲ ያደራጀው የድምፅ መዝገብ ለዚህ መንገድ ከፍተዋል። የቀረው ሥራ የአድማጭ ሳይሆን የታሪክ ጸሐፊ ነው። የጋራናዎች የትውልድ ሐረግ እንደገና ሲሳል ሥሪጃንባይ በጎሃር ጃን መምህርነቷ፣ ዞህራባይ በአግራ ጋራና ላይ ባሳደረችው ተጽዕኖ መጻፍ አለባቸው። የሙዚቃ ትምህርት መጻሕፍት የካያልን ዕድገት ሲያስተምሩ እነዚህን ሸክላዎች እንደ ማሳያ ሊጠቅሱ ይገባል። ጥበቡን ያቆዩትን ሰዎች ያላካተተ የጥበብ ታሪክ ጎዶሎ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ ነው፤ ማረሚያውም ከመቶ ዓመት በላይ በሸክላ ላይ ተጽፎ የሚጠብቀን ማስረጃ ነው።